ትርፍ አንጀት ያልሆነው ትርፍ ከረጢት

ከጆሃንስበርግ በስተ ምሥራቅ የምትገኘው ጀርሚስተን የወርቅና የባቡር ከተማ ናት። ከደቡብ አፍሪካ ማዕድን ማውጫዎች የሚወጣውን ወርቅ አጣርቶ ጡብ የሚያደርገው ራንድ ሪፋይነሪ እ.ኤ.አ. በ1920 ተመሥርቶ እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚህችው ከተማ ነው። በጆሃንስበርግና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች፣ «ሎኬሽን» እየተባሉ በሚጠሩት ሰፈሮች ደግሞ ከሆሳዕና፣ ከከምባታ፣ ከአዲስ አበባና ከሌሎችም የአገራችን ክፍሎች የሄዱ በርካታ ወገኖቻችን ሱቅ ከፍተው ይኖራሉ።

ለአብነት ያህል ከእነዚህ መካከል አንድ ቤተሰብ በዓይነ ኅሊናችን እንሣል። አባት ከንጋት እስከ ምሽት ከሱቁ መስኮት ጀርባ ይቆማል፤ እናት የ2 ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ ከኋላ ባለችው ክፍል ትውላለች። አንድ ጠዋት ዳይፐሩን ስትፈታ እንደ ጡብ የቀላ ደም ያለበት ዓይነ ምድር ታያለች። ልጁ አላለቀሰም፤ ሆዱን ሲነኩትም አይሸሽም፤ ትናንት ሲጫወት ነው የዋለው። አንዱ ጎረቤት «አሜባ ነው» ይላል፤ ሌላው «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ይላል፤ በስልክ የተጠየቁት አያት «የወስፋት መድኃኒት ስጡት» ብለው ይመክራሉ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ገርጥቶ፣ ከንፈሩ ነጥቶ፣ ከእናቱ ጭን መነሣት ያቅተዋል።

ሌላም እንጨምር። የ25 ዓመት ወጣት ሌሊት በድንገት ሆዱን ይቆርጠዋል። ያስመልሰዋል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ነፋስም ሰገራም አይወጣውም። ከዚህ በፊት ሆዱ ተቀዶ አያውቅም። ጓደኞቹ «ጨጓራህ ነው» ብለው ፌጦ በጥብጠው ያጠጡታል፤ ሱቁን ጥሎ መሄድም፣ ወረቀቱ አለመታደሱም ያሳስበዋልና ሆስፒታል መሄዱን ለነገ ያሳድራል።

ሕፃኑና ወጣቱ ያሳዩት ምልክት ፈጽሞ የተለያየ ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱም ሕመም ምንጭ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ይኸውም ከእናት ማሕፀን ጀምሮ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ የቀረ፣ የአውራ ጣት ያህል የሆነ ትርፍ ከረጢት ነው። ሐኪሞች የሜኬል ከረጢት ወይም ሜክልስ ዳይቨርቲኩለም ይሉታል።

ሳይዘጋ የቀረው መተላለፊያ

ሽል ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ሳለ፣ የእንግዴ ልጁ ሥራውን በሚገባ እስኪረከብ ድረስ፣ የአስኳል ከረጢት ከሚባል ጊዜያዊ አካል ጋር የተገናኘ ነው። ይህን ከረጢት በመሠራት ላይ ካለው አንጀት ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ቱቦ በእትብት ውስጥ ያልፋል። ከ5ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ገደማ ቱቦው ሥራውን ጨርሶ ይዘጋል፤ ቀጥሎም ሟሙቶ ይጠፋል። አብዛኞቻችን ስንወለድ ከዚህ መተላለፊያ ምንም አሻራ በሆዳችን ውስጥ አይገኝም።

በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ ግን መዘጋቱ ሙሉ አይሆንም። ቱቦው ከአንጀት እስከ እምብርት ድረስ ክፍት ሆኖ ከቀረ አራስ ልጅ በእምብርቱ በኩል ሰገራ ይወጣዋል። በእምብርት በኩል ያለው ጫፍ ብቻ ከቀረ እምብርቱ ሳይደርቅ ፈሳሽ ሲያወጣ ይቆያል። መካከሉ ብቻ ከቀረ ፈሳሽ የቋጠረ እባጭ ይሆናል፤ ቀዳዳው ተዘግቶ ገመዱ ብቻ ከቀረ ደግሞ አንጀትን ከእምብርት ጋር ያሰረ ጅማት ይሆናል። ከሁሉም በላይ የሚዘወተረው በአንጀት በኩል ያለው ጫፍ ሳይጠፋ መቅረቱ ነው፤ የሜኬል ከረጢት የምንለውም ይህንኑ ነው። ከረጢቱ እንደ አንጀት ሁሉ ሙሉ የግድግዳ ንብርብሮች አሉት፤ የራሱ የደም ሥርም ይኖረዋል።

የአገራችን ሰው የትውልድ ቦታውን «እትብቴ የተቀበረበት» ይላል። የእነዚህ ሰዎች የእትብት ቅሪት ግን በትውልድ መንደር አፈር ውስጥ ብቻ ሳይሆን በራሳቸው ሆድ ውስጥም አለ፤ በሄዱበት አገር ሁሉ አብሯቸው ይሄዳል። እዚህ ላይ ለወላጆች መነገር ያለበት ነገር ቢኖር ይህ ከእናት ጥፋት የሚመጣ አለመሆኑ ነው። እናት በእርግዝናዋ ወራት በበላችው፣ በሠራችው ወይም በተቆጠበችው ነገር የተነሣ እንደሚመጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

የስሙ ታሪክ

ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፋብሪሲየስ ሂልዳነስ ይህን ከረጢት እ.ኤ.አ. በ1598 እንዳየው ይነገራል። ፈረንሳዊው አሌክሲስ ሊትሬ ደግሞ በ1700 በቡአ ውስጥ ገብቶ ያገኘውን ከረጢት ገልጾ ጽፏል፤ እንዲህ ያለው ቡአ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። ከረጢቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ማለትም የሽል መተላለፊያ ቅሪት መሆኑን አስረድቶ በ1809 የጻፈው ግን የጀርመኗ ሃሌ ከተማ ተወላጅ የሆነው የአካል አወቃቀር ሊቅ ዮሐን ፍሬድሪክ ሜኬል ነው። ስሙም በዚሁ ጸና።

በማሕፀን ውስጥ የሚፈጠሩ የአንጀት እክሎችን በመመርመር ረገድ ደቡብ አፍሪካም የራሷ ድርሻ አላት። በ1967 በዓለም የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ያካሄደው ክርስቲያን ባርናርድ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ በኬፕ ታውን ከመምህሩ ከያን ሎው ጋር በውሻ ጽንሶች ላይ ጥናት አድርጎ ነበር። በ1955 ባወጡት ሥራ የአንጀት ክፍል ተቋርጦ የሚወለድባቸው ሕፃናት ለዚያ የሚዳረጉት በማሕፀን ሳሉ ወደ አንጀቱ የሚሄደው ደም ስለሚቋረጥ መሆኑን አሳዩ። ያ እክል ከሜኬል ከረጢት የተለየ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም የአንጀት ሕመም መነሻ ከልደት በፊት ሊሆን እንደሚችል ያስተምራሉ።

የ«ሁለት» ደንብ

የሕክምና ተማሪዎች ይህን ከረጢት በቃላቸው የሚይዙት በ«ሁለት» ቁጥር ነው። ከ100 ሰዎች በ2ቱ ገደማ ላይ ይገኛል። ይህም ማለት 50 ሰዎች በተሰበሰቡበት ዕድር ውስጥ አንድ ሰው ሳያውቀው ይዞት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ትንሹ አንጀት ከትልቁ ከሚገናኝበት ቦታ 2 ጫማ፣ ማለትም 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ርዝመቱ 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሕመም የሚያስከትለው በወንዶች ላይ ከሴቶች 2 እጥፍ ያህል ነው። ብዙ ጊዜ የሚገለጠው 2 ዓመት ሳይሞላ ነው። በውስጡም ከቦታቸው ውጭ የበቀሉ 2 ዓይነት ሕዋሳት ሊኖሩ ይችላሉ፤ እነርሱም የጨጓራና የጣፊያ ጎረቤት የሆነው የቆሽት ሕዋሳት ናቸው። ደንቡ ለማስታወሻ ያህል እንጂ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የሚሠራ ሕግ አይደለም።

ከሁሉ በላይ መታወስ ያለበት ግን አብዛኞቹ ባለ ከረጢቶች ዕድሜ ልካቸውን ሳያማቸው የሚኖሩ መሆናቸው ነው። በአሜሪካ ሚኔሶታ ኦልምስቴድ አውራጃ ነዋሪዎች ላይ ተደርጎ በ1994 የታተመ የማዮ ክሊኒክ ጥናት፣ ከረጢቱ ያለበት ሰው በዕድሜ ዘመኑ ቀዶ ጥገና ለሚያስፈልገው ችግር የመጋለጡን ዕድል 6.4 በመቶ አድርጎ ገምቷል።

ሰላሙ ሲደፈርስ

የመጀመሪያው ችግር መድማት ነው፤ ይህም በሕፃናት ላይ ይበዛል። በከረጢቱ ውስጥ የበቀለው የጨጓራ ሕዋስ እንደ ትክክለኛው ጨጓራ ሁሉ አሲድ ያመነጫል። ጨጓራ ራሱን ከአሲድ የሚከላከልበት ሽፋን አለው፤ ከከረጢቱ አጠገብ ያለው የትንሹ አንጀት ግድግዳ ግን ይህ መከላከያ የለውም። ስለዚህ ይቆስላል፤ ቁስሉም የደም ሥር ሲያገኝ ይደማል። ደሙ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በአብዛኛው ሕመም የለውም። ወላጅን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። የአሜባ ወይም የባክቴሪያ ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ ቁርጠት፣ ማማጥ፣ ንፍጥና ትኩሳት አለው። ቁርጠት የሌለው፣ በብዛት የሚወርድ ቀይ ደም ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው የአንጀት መዘጋት ነው፤ ይህም በአዋቂዎች ዘንድ ይዘወተራል። ከከረጢቱ ጫፍ ወደ እምብርት የተዘረጋ ጅማት ካለ፣ አንጀት በዚያ ላይ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል ወይም ከሥሩ ሾልኮ ይታነቃል። አንዳንድ ጊዜም ከረጢቱ ወደ ውስጥ ተገልብጦ አንዱን የአንጀት ክፍል ወደሌላው ውስጥ ጎትቶ ያስገባል። በሁለቱም መንገድ ደም የተቋረጠበት አንጀት በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በአገራችን ሆስፒታሎች የአንጀት መጠምዘዝ ለአንጀት መዘጋት ከሚያበቁት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ መሆኑ በቀዶ ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። አብዛኛው ከዚህ ከረጢት ጋር ግንኙነት ባይኖረውም፣ ሆዱ ተቀዶ በማያውቅ ወጣት ላይ አንጀት ሲዘጋ ከረጢቱም ይታሰባል።

ሦስተኛው የከረጢቱ መቆጣት ነው። ሕመሙ፣ ትኩሳቱና ማቅለሽለሹ ሁሉ ትርፍ አንጀት ይመስላል። ብዙ ሰው «ትርፍ አንጀት» ተብሎ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቶ፣ ትርፍ አንጀቱ ጤነኛ ሆኖ ይገኝና በደለኛው ይህ ከረጢት ይሆናል። የተቆጣው ከረጢት ቢፈነዳ የአንጀቱ ይዘት ወደ ሆድ ዕቃ ፈስሶ መላ ሆድን ይመርዛል። አልፎ አልፎም በከረጢቱ ውስጥ ዕጢ ሊበቅል ይችላል፤ ይህ ግን ብርቅ ነው።

ከፔሊንዳባ ወደ ጋማ ካሜራ

ታዋቂው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ቻርልስ ማዮ ስለዚህ ከረጢት ሲናገር፣ የሚጠረጥሩትና የሚፈልጉት ብዙዎች ሆነው የሚያገኙት ግን ጥቂቶች መሆናቸውን ጠቅሶ ነበር። ችግሩ የቦታው ነው። በአፍ የሚገባው ኢንዶስኮፒ ወደ ታች አይደርስበትም፤ ከታች የሚገባው ኮሎኖስኮፒም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ አያገኘውም። ተራ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካንም ያልተቆጣን ከረጢት ከሌላው የአንጀት እጥፋት ለመለየት ይቸገራሉ።

ለሚደማ ሕፃን መፍትሔ የሆነው ዘዴ ከረጢቱን ራሱን መፈለግ ሳይሆን በውስጡ ያለውን የጨጓራ ሕዋስ መፈለግ ነው። ቴክኒሺየም 99ኤም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በደም ሥር ሲሰጥ የጨጓራ ሕዋሳት ይስቡታል። ልጁ ለጥቂት ሰዓታት ከምግብ ተከልክሎ በጋማ ካሜራ ሥር ይተኛል፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ጨጓራው በምስሉ ላይ ይደምቃል። በዚያው ቅጽበት ከታች፣ ብዙውን ጊዜ በሆድ ቀኝ በኩል፣ ሌላ ትንሽ ነጥብ አብሮ ከደመቀ ጨጓራ በሌለበት ቦታ የጨጓራ ሕዋስ አለ ማለት ነው። የሚሰጠው መጠን አነስተኛ ነው፤ ንጥረ ነገሩም በየ6 ሰዓቱ በግማሽ እየቀነሰ ከሰውነት ይጠፋል።

በጀርሚስተን አካባቢ ለሚኖር ሰው የዚህ ምርመራ ጥሬ ዕቃ ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። ቴክኒሺየሙ የሚገኘው ሞሊብዲነም 99 ከሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ነው፤ ይህም በየ66 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ አከማችቶ ማስቀመጥ አይቻልም። ከፕሪቶሪያ በስተ ምዕራብ በምትገኘው ፔሊንዳባ ያለው ሳፋሪ 1 የተሰኘው የኑክሌር ማብላያ ከ1965 ጀምሮ ይሠራል፤ በዓለም ላይ ሞሊብዲነም 99 ከሚያቀርቡት ጥቂት ምንጮችም አንዱ ነው።

ምርመራው እንከን የለሽ አይደለም። በልጆች ላይ ከ10 ባለ ከረጢቶች ከ8 በላይ የሚሆኑትን ያሳያል ተብሎ ይገመታል፤ በአዋቂዎች ላይ ግን አቅሙ ይቀንሳል። ከረጢቱ የጨጓራ ሕዋስ ከሌለው አይደምቅም፤ ብዙ ደም እየፈሰሰ ከሆነም ምልክቱ ታጥቦ ሊሄድ ይችላል። አሲድ የሚቀንሱ አንዳንድ መድኃኒቶችን አስቀድሞ መስጠት ምልክቱ እንዲጎላ ይረዳል። ስለዚህ «ምርመራው ነፃ ነው» መባል የነገሩ ፍጻሜ አይደለም። ሐኪሙ ከጠረጠረ ምርመራውን ይደግማል፤ የደም ሥር ምስል፣ የምትዋጥ ካሜራ ወይም በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ መነጽር ሆድን መመልከት ይከተላል።

አንጀት ሲዘጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ የሚባክነው ከረጢቱን ስም ለመስጠት አይደለም። ራጅ ወይም ሲቲ ስካን አንጀቱ መዘጋቱን፣ በሕፃናት ላይም አልትራሳውንድ አንጀት በአንጀት ውስጥ መግባቱን ያሳያል። መንስኤው ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ሆድ ሲከፈት ነው።

ፈውሱ በቀዶ ጥገና ነው

የሚያምምን ከረጢት የሚያድን ክኒን የለም። አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ደሙን ለጊዜው ሊያረጋጋ ይችላል እንጂ ሥሩን አይነቅለውም። ከቀዶ ጥገናው በፊት ግን መሠራት ያለበት ነገር አለ፤ የደማው ልጅ ግሉኮስና ደም ይሰጠዋል፤ አንጀቱ የተዘጋው ሰው በአፍንጫው በገባ ቱቦ ጨጓራው ይቃለልለታል፤ የተቆጣ ወይም የፈነዳ ከሆነም ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይጀመራል።

ከዚያ በኋላ ቀዶ ሐኪሙ ከሁለት መንገድ አንዱን ይመርጣል። ከረጢቱ ጠባብ መሠረት ካለውና አንጀቱ ጤነኛ ከሆነ ከረጢቱን ብቻ ቆርጦ አንጀቱን ይሰፋል። መሠረቱ ሰፊ ከሆነ፣ አንጀቱ ከሞተ ወይም ቁስሉ በአጠገቡ ባለው አንጀት ላይ ከሆነ ከረጢቱን ከያዘው አጭር የአንጀት ክፍል ጋር አውጥቶ ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል። ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች ይህ በትንንሽ ቀዳዳዎች በኩል በካሜራ እየታገዘ ይሠራል። የሚወጣው አንጀት አጭር ስለሆነ ልጁ እንደማንኛውም ልጅ በልቶ ያድጋል። እንደማንኛውም የሆድ ቀዶ ጥገና ሁሉ ግን የስፌት መልቀቅ፣ የቁስል መመርቀዝና ቆይቶም በጠባሳ ምክንያት አንጀት መያዝ ሊያጋጥም ስለሚችል ክትትል ያሻዋል።

ቀዶ ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ጥያቄ ለሌላ ምክንያት ሆድ ሲከፈት በአጋጣሚ የተገኘ፣ ሕመም ያላስከተለ ከረጢት ይውጣ ወይስ ይቅር የሚለው ነው። በ2008 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ፣ አንድን ሞት ለመከላከል 758 ሕመም የሌላቸውን ከረጢቶች ማውጣት እንደሚያስፈልግ አስልቶ መተውን ደገፈ። በ2005 የ1,476 ሰዎችን መዝገብ የመረመረው የማዮ ክሊኒክ ጥናት ደግሞ ዕድሜው ከ50 በታች ለሆነ፣ ወንድ ለሆነ፣ ከረጢቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ለሚረዝም ወይም በውስጡ ያልተለመደ ሕዋስ ለሚዳሰስበት ሰው ማውጣቱን መከረ። ስለዚህ ሁለት ጥሩ ሐኪሞች ሁለት የተለያየ ውሳኔ ቢሰጡ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም። በሲቲ ስካን ላይ በአጋጣሚ የታየበት ጤነኛ ሰውም ሊደነግጥ አይገባውም።

በር ላይ ላለመቅረት

ወደ ጀርሚስተኑ ቤተሰብ እንመለስ። ሦስት ምልክቶች ለነገ አይባሉም። አንደኛ፣ ልጅ ቁርጠት ይኑረውም አይኑረው ደም ከተቀላቀለበት ዓይነ ምድር ጋር መገርጣትና መድከም። ሁለተኛ፣ አረንጓዴ ትውከት፣ የሆድ መነፋትና ነፋስ አለመውጣት። ሦስተኛ፣ እየባሰ ሄዶ በእግር መራመድን የሚከለክል የሆድ ሕመም። በእነዚህ ጊዜያት ሆድን ማሸት፣ ኮሶ ወይም ማስቀመጫ መጠጣት የታነቀውን አንጀት ወደ መፈንዳት ሊገፋው ይችላል። ምግብም ውኃም ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይሻላል። ደም የታየበትን ዳይፐር በስልክ ፎቶ ማንሳት ቋንቋ ለማይግባባ ወላጅ ከብዙ ቃል ይበልጣል።

በጀርሚስተን የሕዝብ ሆስፒታል አለ። ሆስፒታሉ በዚያችው ከተማ ተወልደው በ1956 የፕሪቶሪያውን የሴቶች ሰልፍ ካስተባበሩት መካከል በነበሩት በበርታ ጎዋ ስም ተሰይሟል። ከበድ ያለ ሕክምና የሚሻ ሰው በጆሃንስበርግ ወዳሉት ትላልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ይላካል። አምቡላንስ በ10177፣ ከተንቀሳቃሽ ስልክ ደግሞ በ112 ይጠራል።

በቅርብ ዓመታት የውጭ አገር ሰዎችን ከክሊኒክ በር የሚመልሱ ቡድኖች መነሣታቸው ብዙ ወገኖቻችንን ቤታቸው እንዲቀሩ አድርጓል። ሕጉ ግን ግልጽ ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም ሰው የድንገተኛ ሕክምና ሊከለከል እንደማይችል ይደነግጋል፤ «ማንም ዜጋ» ሳይሆን «ማንም ሰው» ማለቱ ልብ ይባል። በ2023ም የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነፍሰ ጡር እናቶችና ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ዜግነታቸውና የመኖሪያ ወረቀታቸው መለያ ሳይሆን በሕዝብ ጤና ተቋማት ነፃ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳላቸው አረጋግጧል።

በመጨረሻም ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ የተሠራለትን የሚገልጽ ወረቀት ጠይቆ ይያዝ። በሆድ ቀኝ በኩል ያለውን ጠባሳ ያየ ሁሉ ትርፍ አንጀቱ የወጣ ይመስለዋል፤ ከረጢቱ ብቻ ወጥቶ ትርፍ አንጀቱ ግን በቦታው ሊሆን ይችላል። ዛሬ በጀርሚስተን፣ ነገ በናይሮቢ ወይም በአዲስ አበባ ሊታከም ለሚችል ስደተኛ ያ አንድ ገጽ ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር አብሮ ሊቀመጥ ይገባዋል። የሕፃኑም እናት ልጇ ሲድን ጠባሳው ምን እንደሆነ አውቃ ልታስረዳው ትችላለች፤ ከመወለዱ በፊት ሳይዘጋ የቀረው በር ከተወለደ በኋላ በሐኪም እጅ ተዘግቷል።